የቶኩጂ ሰንጢና የእኔ መዶሻ

ኦክቶበር 4፣ እሑድ

ዝናብ። ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። የታጠበ ሰሃን መልሼ አጠብኩ። ጓሮ ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ደግሞ ወጣሁ። እግሬን ማሳረፍ አቃተኝ።

የጓሮው የካኪ ዛፍ ፍሬ ቀልቷል፤ ቅርንጫፎቹ ጎብጠዋል። በወሩ መጨረሻ ተለቅሞ፣ ተልጦ፣ በክር ተንጠልጥሎ ካልደረቀ የኛ ካኪ እንደ ሬት የመረረ ነገር ነው። ዘንድሮ ማን ይልጠዋል? እኔ ብቻዬን?

ባለቤቴ ቶኩጂ ዛሬም ጠየቀኝ።

«ሰንጢዬን አላየሻትም?»

«አላየሁም።»

«ከኪሴ ተለይታ አታውቅም ነበር።»

«ሆስፒታል ስንሄድ ወድቃ ይሆናላ።»

ውሸቴን ነው። ዕቃ ቤት ናት፤ ራዲሽ በጨው በዘፈዘፍኩበት በርሜል ውስጥ፣ ከመጫኛው ድንጋይ ሥር፣ በላስቲክ ተጠቅልላ። እዚያ ማንም አይፈልጋትም።

ጁላይ ላይ ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ወሰደው። ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ አንድ ቀን፣ «እንዲህ ግማሽ ሰው ሆኖ ከመኖር...» አለና ቀሪውን ዋጠው። መስኮቱን እያየ ነበር። እስከ ዛሬ አልጨረሰውም። እኔ ግን በየቀኑ እጨርስለታለሁ።

ቤት ሊገባ ሲል የወጥ ቤቱን ቢላዎች ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩ። የፍሬ ማንጠልጠያውን ክር ቆጥ ላይ ወረወርኩት። ሰንጢዋን ደግሞ ሱሪውን ላጥብ ብዬ ከኪሱ አወጣኋት። ሌባ ሆንኩ በስተርጅና።

ኦክቶበር 7፣ ረቡዕ

ልጃችን ሚሱዙ ከኦሳካ ደወለች። አባቷ እንዳይሰማ ስልኩን ይዤ ጓሮ ወጣሁ።

«እማዬ፣ ሐኪሟ በግልጽ ጠይቂው አላለችሽም? ጥያቄ ሰው አይገድልም፤ እንዲያውም ይቀለዋል አላለችም?»

«ምን ብዬ ልጠይቀው? ሻይ ልቅዳልህ ወይስ መሞት አስበሃል ልበለው?»

«ሻዩን ትተሽ ሁለተኛውን።»

ዘጋሁባት። ትንሽ ቆይቼ መልሼ ደወልኩ። ስለ ዝናቡ አወራን።

አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ አንድ ጥያቄ ከጉሮሮዬ አልወጣ ይበል?

ኦክቶበር 10፣ ቅዳሜ

ጎረቤታችን ጌንፔ መጣ። ከቶኩጂ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተማሩ ናቸው፤ እስከ ዛሬም አንዱ ሌላውን ካልነካካ አያድርም። በረንዳው ላይ ተዘርፍጦ ሻዬን ጠጣ፣ ብስኩቴን ጨረሰ።

«የታለች ሰንጢህ? ቶኩ ያለ ሰንጢ እኮ ደወል የሌለው ብስክሌት ነው።»

«ጠፋች።»

«እሷ? አንተ ብትጠፋ አምናለሁ።» ወደ እኔ ዞረ። «እመቤት፣ ይኼ ሰውዬ ልጅ ሆነን እርሳሱን በሷ ሲቀርጽ መምህሩ ለክፍሉ እያዞረ ያሳይለት ነበር። የኔን ደግሞ አይጥ የበላው ነው የሚለው።»

ቶኩጂ በግማሽ ፊቱ ሳቀ። ስንት ጊዜው ነው ከሳቀ... ደስ ሊለኝ ሲል ጌንፔ አበላሸው።

«ግድ የለህም፣ ሰኞ ከተማ እወርዳለሁ። አዲስ ሂጎኖካሚ ሰንጢ አመጣልሃለሁ። ፀጉር የምትላጭ።»

ፀጉር የምትላጭ! ከአዲሷ አሮጊቷ ትሻላለች። ከሰኞ በፊት «ማግኘት» አለብኝ።

ኦክቶበር 11፣ እሑድ

ከምሳ በኋላ እሱ ሲያሸልብ ከበርሜሉ አወጣኋት። ላስቲኩ ተቀዶ ጨዉ ገብቷል። ዝጋለች። የናስ እጀታዋ አረንጓዴ ሆኗል፤ ስለቷ ላይ ቀይ ቡግር ወጥቷል። እኔን ብሎ ደባቂ!

ቧንቧው ጋ ተቀምጬ በአመድ ፈተግኳት። ከዚያ መሳያ ድንጋዩን ነከርኩት። ሲስል ስንት ዓመት አይቼዋለሁ... ጫፏን ብቻ አያስነካም፤ የስለቷን ሙሉ ጎን ድንጋዩ ላይ አስተኝቶ ነው ወዲያ ወዲህ የሚያስኬዳት። ሚሱዙ ልጅ ሳለች፣ «አታቁሚያት፤ አስተኚያት። ተኝታ ነው የምትሳለው» ሲላት ትዝ አለኝ። አስተኛኋት። ጥቁር ውሃ ወጣ። ዝገቱ ለቀቀ። የስፌት መኪና ዘይት ቀባኋት። እውነቱን ልናገር፣ አማረችብኝ። በመሳል ብዛት ቀጥናለች እንጂ ገና ጥርስ አላት።

አንድ ነገር ቀረ። ስለቷንና እጀታዋን የያዘችው ምስማር ላልታለች፤ ሲያዘቀዝቋት ስለቷ ራሷ ትወጣለች። ይቺ ሰንጢ መቆለፊያ የላትም። ከስለቷ ኋላ ያለችውን ጭራ በአውራ ጣት ጫን ሲሏት ትከፈታለች፤ እየቆረጡም ጣት ካልተነሣ አትታጠፍም። ምስማሯ ስትላላ እሱ ድንጋይ ላይ አጋድሞ በመዶሻ ነካ ያደርጋታል። ነካ፣ ሙከራ። ነካ፣ ሙከራ።

መዶሻ አመጣሁ። ነካ አደረግኳት። ልክ ሆነች። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ።

አላቆምኩም። መታሁ። ደግሜ መታሁ። ደግሜ። በሁለት እጄ እየታገልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ እንኳ በግድ ነው የተከፈተችው። የአንድ እጅ ሰው አይከፍታትም።

እሱ ሰንጢዋን ያገኛል፤ እኔም እንቅልፌን። ብልህ ነኝ አልኩ።

ኦክቶበር 12፣ ሰኞ

«ዕቃ ቤት ወድቃ አገኘኋት» ብዬ ሰጠሁት። በግራ እጁ ተቀበለኝ። አውራ ጣቱን ጭራዋ ላይ አደረገ። ተጫነ። እንቢ። ደግሞ ተጫነ። ጥፍሩ ነጭ ሆነ። ወደ ብርሃኑ አዙሮ ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ኪሱ ከተታት።

«አመሰግናለሁ» አለኝ።

እንዲህ ያለው ምስጋና ከሱ ሰምቼ አላውቅም። ጌንፔ ጋ ሄጄ አዲስ እንዳይገዛ ነገርኩት።

ኦክቶበር 15፣ ሐሙስ

ተኛሁ። ከጁላይ ወዲህ እንደዚህ ተኝቼ አላውቅም። ሲነጋ ግን አፈርኩ።

በረንዳው ላይ ሰንጢዋን ጨብጦ ተቀምጧል። አይሞክራትም። ጨብጧት ብቻ ነው።

ኦክቶበር 19፣ ሰኞ

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋን መለሳት። ዛሬ አልሠራም አላት። «ለማን ብዬ?» አላት፣ እኔ እየሰማሁ። ሩዙን ግማሹን ተወው። የሚሶ ሾርባው ቀዘቀዘ።

የጌንፔ ጣሪያ ሥር ፍሬው ተደርድሮ ተንጠልጥሏል። እኔ ከቁም ሳጥን ቢላ አውጥቼ፣ ወጥ ቤቱን ዘግቼ፣ ጥቂቱን ብቻዬን እልጣለሁ። የሥራው ባለቤት እዚያ ተቀምጦ የሱን ሥራ ተደብቄ መሥራቴ... ምን የሚሉት ኑሮ ነው?

ኦክቶበር 22፣ ሐሙስ

በረንዳውም ቀረ። ግድግዳ እያየ ይውላል።

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ይላሉ። እኔ ነኝ ያደረስኩት። ግራ እጁም የሞተ መስሎታል! ሰንጢ መክፈት ያቃተው ሰው ምን ይበል? እንዳይሞት ብዬ ገደልኩት።

ሲተኛ ወስጄ ላላላት አሰብኩ። እንደ ጨበጣት ነው የተኛው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ላነሣ ሞከርኩ። አጠበቀ። ነቅቶ ነበር ይሆን?

ልንገረው? ነገ። ወይ ከነገ ወዲያ...

ኦክቶበር 25፣ እሑድ

ወጣ። ሁሉም ወጣ። እንደሆነው ልጻፈው።

ጌንፔ በገመድ የታሰረ ዓሣ ይዞ መጣ። ቶኩጂን አስነሥቶ፣ ደግፎ፣ በረንዳው ላይ አስቀመጠው። «እስቲ ያቺን ጉድ አምጣት፣ ገመዱን ልበጥስበት» አለና ሰንጢዋን ተቀበለው። ተጫነ። በሁለት እጁ ያዛት። ፊቱ ቀላ።

«የትኛው በሬ አንጥረኛ ነው የደበደባት?» ምስማሯን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ጌንፔ ሰንጢዋን ቀስ ብሎ ምንጣፉ ላይ አኖራት። «ዓሣውን ፀሐይ እንዳይመታው» ብሎ ተነሣ። ሰማዩ ደመና ነበር። ዓሣውንም ትቶት ሄደ።

ቶኩጂ ዓሣውን እያየ፣ «አውቄ ነበር» አለኝ።

«ምኑን?»

«በሰጠሽኝ ቀን ነው ያየሁት። የምስማሯ አናት ላይ የመዶሻ ጠባሳ አለ። ከልጅነቴ የያዝኳትን ሰንጢ አላውቃትም?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? ሚስቴ ፈራችኝ ልበል?»

ምላሱ አሁንም ይከብደዋል፤ ቃል በቃል ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ጠበቅኩት።

«እጄ ደህና ነው ፉሳኤ። በየቀኑ ይሻለዋል። ያቃተኝ ሌላ ነው። ኪሴን ስትፈትሺ፣ ክሩን ስትሰቅዪ፣ ስተኛ ትንፋሼን ስታዳምጪ... የገዛ ቤቴ ውስጥ ጠባቂ ቆመብኝ።»

አለቀስኩ። ከዚያ ያ ጥያቄ፣ ከጁላይ ጀምሮ እንደ ዓሣ እሾህ የተሰነቀረው፣ ራሱ ወጣ።

«መሞት አስበህ ታውቃለህ?»

«አዎ።»

እንዲሁ። አዎ። እኔ ደግሞ ጣሪያው የሚወድቅ መስሎኝ ነበር።

«ሆስፒታል እያለሁ። ከዚያም አንዳንድ ቀን ብቅ ይላል።»

«ዛሬስ?»

ጓሮውን አየ። «ዛሬ ያስጨነቀኝ ፍሬው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ይላሽቃል።»

«ብቅ ሲል ትነግረኛለህ?»

«አንቺም ካልደበቅሽኝ።»

«አልደብቅህም።»

«እንግዲያው የሾርባ ማንኪያ ሳይቀር የሚቆለፍበት ቁም ሳጥን ይከፈት። ጌንፔ እንኳ እየሳቀብን ነው።»

ከፈትኩት። ዓሣውን ጠበስኩ። ሙሉ ሳህን በላ። እኔ አልቻልኩም።

ኦክቶበር 27፣ ማክሰኞ

ሐኪሟ ዘንድ ሄድን፤ ራሱ ነገራት። እኔ አልተናገርኩም። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እጄን ያዘኝ፤ ለመደገፍም ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ ሰንጢዋን አላላናት። ከትናንት ጀምሮ መጋጠሚያዋ ላይ ዘይት ጠብ ተደርጎባት አድራለች። እሱ እጀታዋን በግራው ያዘ፤ እኔ ስለቷን በጨርቅ ጠቅልዬ ያዝኩ።

«ግራና ቀኝ ወዝውዣት። በቀስታ። ጥርስ አትነቅይም።»

«እየወዘወዝኩ ነው።»

«እየደበደብሽ ነው። ልማድ ሆነብሽ?»

አልሰሜን ግባ በለው ብዬ ወዘወዝኩ። ቀስ በቀስ ተላቀቀች። «በቃ» ሲለኝ አንዴ ልጨምር ብዬ ነበር... እጄን ሰበሰብኩ። አውራ ጣቱን ጭራዋ ላይ አደረገ። ጠቅ። ተከፈተች። መልሶ ጭኑ ላይ አስደግፎ አጠፋት። ጠቅ። ጠቅ። እስኪመሽ አላቆመም። ደስታው ደስ አሰኘኝ፤ ድምፁ ግን ነርቬን በላው።

ኦክቶበር 30፣ ዓርብ

ዛሬ ብቻውን ትቼው ወጣሁ። ጨው ልገዛ። ጨው ሞልቷል ቤት።

ጌንፔ ጣውላ ላይ ረጅም ሚስማር መትቶለታል። ፍሬው ሚስማሩ ላይ ይሰካል፤ ቶኩጂ ጣውላውን በጉልበቱ ይዞ በግራው ይልጣል። እንደዚያ ሲጀምር ነው የወጣሁት። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ደርሼ ተመለስኩ። አጥራችን ጋ ስደርስ ደግሞ ዞርኩ። ምን ብዬ ልግባ? ጨው የታለ ሲለኝ? ሱቅ ሄድኩ። የማላነበውን የዕቃ ጽሑፍ ሁሉ አነበብኩ። ባለሱቋ «ምነው፣ ታመሻል?» አለችኝ።

ስመለስ ልጣጭ መሃል ተቀምጧል። ፍሬው የተላጠ ሳይሆን የተገዘገዘ ነው የሚመስለው። አናቱ ላይ ያለችውን ጭራሮ ግን ለክሩ እንድትመች አድርጎ ትቷታል።

«ዘገየሽ» አለኝ።

«ወረፋ ነበር።»

አየኝና ሳቀ።

ኖቬምበር 5፣ ሐሙስ

ጣሪያችን ሥርም ዛሬ ፍሬ ተንጠለጠለ። ክሩን ከቆጥ ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ ቋጠሮውን የነገረኝ እሱ። የጌንፔ ፍሬ ያምራል፣ የኛ ያስቃል። ሚሱዙ በፎቶ አይታ፣ «አባዬ፣ እነዚህ ድንች ናቸው?» አለችው።

ከሰዓት ወጥ ቤት ሆኜ «ፉሳኤ!» ሲል ሰማሁ። ሮጥኩ። ፍሬውን ለማረጋጋት ቀኝ እጁን ጣል አድርጎበት ኖሮ፣ በማይሰማው እጁ ጣት ላይ ስለቷ አልፋለች። ደሙ ጠብ፣ ጠብ ይላል። እሱም ገርሞት ያያል።

«ምንጣፉ!» ብዬ ጮኽኩ። «አዲሱን ታታሚ! እጅህን አንሣ እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ከዚህ ላይ እንዴት ይለቃል?»

ጎትቼ ወደ ውሃው ወሰድኩት። አጠብኩ፣ በጨርቅ አሰርኩ፣ እስኪበቃኝ ተሳደብኩ። ቁስሉ ትንሽ ነው። እሱ ይስቃል። ሰንጢዋን ጠርጎ፣ ዘይት ቀብቶ አጠፋትና ኪሱ ከተታት። እኔ በቀዝቃዛ ውሃ ምንጣፉን ስፈትግ አመሸሁ። ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም።

ቁጭ ብዬ ይህን ስጽፍ ነው የገባኝ... እጁ ላይ ደም አይቼ፣ ሰንጢዋን ክፍት አይቼ፣ መጀመሪያ ያዘንኩት ለምንጣፉ ነው።