ባቡሩ ያልፋል፣ ጣቢያው ያምራል

ልጄ፣ በገባህበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምህ። እኛ ደህና ነን። (የምጽፈው እኔ እህትህ ነኝ፤ እማዬ እየነገረችኝ።)

መንግሥት ድጎማውን ስላቋረጠ ባቡሩ ሰፈራችን መቆም ትቷል። ጣቢያውን ግን ቀለም ቀብተው አዲስ ሰዓት ሰቀሉበት። አባትህ ጡረታ ቢወጣም ትኬት መብሻውን ይዞ በየጠዋቱ እዚያ ነው። (የሚበሳው ቢያጣ ደብተሬን በሳብኝ።)

የባቡር መሥሪያ ቤቱን ኃላፊ "ዓይን ሐኪም ጋ በምን ልሂድ?" ብዬ ብጠይቀው፣ "እናቴ፣ ባቡር አያተርፍም" አለኝ። "የመንገድ መብራቱስ ምን አተረፈላችሁ?" ብዬ አፉን አስያዝኩት። (እሱ ግን "ቀጣይ ባለጉዳይ" ነው ያለው።)

ቀጠሮዬ ቢያልፍም ለዓይኔ አታስብ። አደራ፣ የምትሳፈርበትን ባቡር ፎቶ ላክልኝ፤ ወስጄ ለኃላፊው አፍንጫው ሥር እደቅንለታለሁ። በሰላም ያገናኘን።

(ፎቶውን አጉልተህ ላከው። ደብዳቤህን ራሷ ታነብ የነበረችው እማዬ፣ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ሆና ወረቀቱን እያየች ነው፤ አንድም ፊደል አልለየችም።)