ለዓሊያ መወለድ ምስክር ለጠየቁኝ ክቡር ኃላፊ

ይድረስ ለተከበሩ የወረዳችን የልደት መዝገብ ኃላፊ፤ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ወንበርዎስ እንዴት ነው? ብዙ ጊዜ የማገኘው እርሱን ብቻ ስለሆነ ለእርሱም ጤና እመኛለሁ።

እኔ አቃቂ በሰቃ የቤት ዕቃ የምሸጠው ኡሙልኸይር ነኝ። ልጄ ዓሊያ ለሥራ ቤይሩት ሄጄ የወለድኳት፣ አባቷም እናቷም ኢትዮጵያውያን የሆኑ፣ አራት ዓመት የሞላት ልጅ ናት። የልደት ምስክር ወረቀት ካላገኘች በመስከረም ትምህርት ቤት አይቀበላትም። ለዚህ ብለው ሰባት ወር ትዕግሥት ስላስተማሩኝ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ከወለድኩበት ሆስፒታል ያመጣሁት ወረቀት በአረብኛ ነው ቢሉኝ አስተረጎምኩ፤ ስመለስ ጊዜው አልፎበታል አሉኝ። መወለድ እንደ ወተት የሚበላሽ ነገር መሆኑን ከእርስዎ ተማርኩ።

፪ኛ. ስትወለድ ያዩ ሦስት ምስክሮች እንዳመጣ አዘዙኝ። የእድራችን ዳኛ አቶ ወልደየሱስ ከዘራቸውን ይዘው መጡልኝ፤ ቤይሩት ነበሩ ወይ ብለው ሲጠይቋቸው፣ «እኔ ከሞጆ ወዲያ ተሻግሬ አላውቅም፤ እናቷ ስትወለድ ግን በር ላይ ቆሜ ነበር» አሉ። እውነት የሚናገር ሰው ይዤ በመምጣቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፫ኛ. የውጭ ዜጋ ከሆነች የመኖሪያ ፈቃድ ታምጣ ብለው መሀል ከተማ ወዳለ ሌላ መሥሪያ ቤት ላኩን። እዚያ ደግሞ ኢትዮጵያዊት በአገሯ ምን ፈቃድ ያስፈልጋታል ብለው መለሱን። እንግዲህ ልጄ መሀል ከተማ ኢትዮጵያዊት ናት፤ ታክሲ ተሳፍራ እርስዎ ቢሮ ስትደርስ የውጭ ዜጋ ትሆናለች።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ባለፈው ሐሙስ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው የለገሱኝን ምክር ነው፤ አቃቂ ቤቴ ውስጥ ወለድኳት ብዬ ብፈርም ወረቀቱ በዕለቱ እንደሚወጣልኝ ነገሩኝ። እውነት ሰባት ወር በሚጉላላበት ቢሮ ውሸት የግማሽ ቀን ሥራ መሆኑን ስላሳወቁኝ አላህ ይስጥልኝ። እኔ ግን አልፈርምም። ያቺን ልጅ አሠሪዬ ካባረረችኝ በኋላ፣ እጄን የሚይዝ ዘመድ በሌለበት አገር ነው ያማጥኳት። ያንን ቀን ለአንድ ማህተም ብዬ አልክደውም፤ በጣም ተናድጃለሁ፣ ሰኞም ማክሰኞም እመጣለሁ።

ከመስኮትዎ ሥር ሁለተኛ ቤቷን የሠራች አክባሪዎ፣
የዓሊያ እናት ኡሙልኸይር

ማሳሰቢያ፦ ስለ ልጄ ብዙ እንዳይጨነቁ ብዬ ነው፤ እድራችን ዓሊያን በአንድ እሑድ ከሰዓት በቤተሰቡ መዝገብ ላይ ጽፏታል። አያምጣውና ብትሞት የሚቀብራት አላት። ያጣችው መወለዷን የሚያምንላት መንግሥት ብቻ ነው።