በየቁምስናው ስምህን ይዤ

ውድ ባለቤቴ ጳውሎስ፤

ከተለየኸኝ ወዲህ አቃቂ ሁለተኛ ክረምቷን ልትሸኝ ነው። ወንዙ ሞልቷል፤ ከጣቢያው ወደ ሰፈር የሚያስገባው መንገድም እንደምታውቀው ጭቃ ነው። እኛ ደህና ነን። የባቡር ሠራተኞችን ቤት ለሌላ ቤተሰብ ለቅቀን ወደ ቃሊቲ በኩል ተከራይተናል። ልጃችን ማርታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገብታለች። ሥራው ቢያከሳትም ስትስቅ አሁንም አንተኑ ናት። ባቡሩ ሲያልፍ ግድግዳው እዚህም ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ላይ ያስለቅሰኝ ነበር። አሁን ግን ቀና ብዬ «ቀጥሎ የሚመጣው የትኛው በዓል ነው?» እላለሁ።

ይህን የምጽፍልህ ካንተ በኋላ ያደረግሁትን እንድታውቅልኝ ነው።

ስንጋባ እኔ ከኦርቶዶክስ ቤት የወጣሁ የአቃቂ ልጅ ነበርኩ፤ አንተ ደግሞ ድሬዳዋ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ወጥተህ ለሐዲድ ጥገና የመጣህ ካቶሊክ። እኛ በምንኖርበት ሰፈር ያንተ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም። ስለዚህ በዓል ሲደርስ በጠዋቱ ባቡር ለገሃር እንወርድና እናንተ ካቶሊኮች ቁምስና ወደምትሉት አንዱ አጥቢያ በእግራችን እንሄድ ነበር። ለልደት አንዱ ጋ ካስቀደስን ለትንሣኤ ሌላው ጋ ነን። ጎረቤቶቻችን «እናንተ ደግሞ ቦታ አይበቃችሁም» እያሉ ይስቁብን ነበር። አንተ ግን «የእግዚአብሔር ቤት ብዙ ክፍል አለው፤ ለምን ሳሎኑን ብቻ አይተን እንመለሳለን?» ትላቸው ነበር።

በግዕዝ፣ በከበሮና በጸናጽል ወደሚቀደስበት ቁምስና ስትወስደኝ በልጅነቴ ያደግሁበት ደብር ያለሁ ይመስለኝ ነበር። አንድ የዕርገት ቀን ግን በላቲን ሥርዓት ወደሚቀደስበት ገባን። እኔ ወዲያ ወዲህ ስመለከት ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተንበረከከ። ብቻዬን ቆሜ ቀረሁ፤ የምገባበት ጠፋኝ። አንተ ተንበርክከህ ነበር። ቀና ብለህ አየኸኝና ተነሥተህ አጠገቤ ቆምክ። ሰው ዞር እያለ ቢያየንም ግድ አልሰጠህም።

ናዝሬት ለሆሳዕና የሄድን ቀንስ? ባቡሩ ሞጆ ላይ ተበላሽቶ ቆመና ስንደርስ ቅዳሴው አልቆ ሰዉ ወጥቷል። አዛውንቱ ቄስ ምሳቸው ቀርቦላቸው ነበር። ከአቃቂ መምጣታችንን ስትነግራቸው ምግቡን ከድነው ተነሡ፤ ወንጌሉን ለሁለታችን ብቻ አነበቡልን፤ ዘንባባም ሰጡን። ከዚያ ምሳቸውን ሦስት ሆነን ቀመስን። በመልሱ ጉዞ ሁሉ እሳቸውን እያነሣህ ነው የመጣኸው።

ከዚያ የሳንባ ሕመሙ መጣና ወሰደህ። ዕድሩ ድንኳኑን ተከለ፤ ጎረቤት አልተለየንም። ፍትሐቱን ያደረሱት ወጣት አባ ግን በሕይወትህ አይተውህ አያውቁም ነበር። «የአገልጋይህን የጴጥሮስን ነፍስ ተቀበል» አሉ። አንዴ ብቻ ቢሆን ምላስ ይስታል ብዬ ባለፍኩት። እስከ መቃብሩ ድረስ ግን ጴጥሮስ ነበርክ። እኔም በለቅሶ ድምፄ ተዘግቶ ላርማቸው አልቻልኩም።

ከቀብር ስንመለስ ታናሽ ወንድምህ ሚካኤል እንባውን እየጠረገ እንዲህ አለኝ፦ «እትዬ፣ ይኸው ነው። ስትዞሩ ኖራችሁ የማንም ሳትሆኑ ቀራችሁ። አንዱን ቁምስና ይዛችሁ ቢሆን ኖሮ የወንድሜን ስም የሚያውቅ ቄስ አይታጣም ነበር።»

ኀዘኑ እንደሚያናግረው አውቄያለሁ። ግን የማንም አልነበረም መባልህ ከሞትህ ባልተናነሰ አቃጠለኝ። የሀዘን ልብሴን ሳላወልቅ ቆረጥኩ፤ አብረን ያስቀደስንበት ቦታ ሁሉ ሄጄ በቅዳሴ ላይ ስምህን አስጠራለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደዚያው ወጣት አባ ነው። ልቆጣቸው አልነበረም። «አባ፣ የቀበሩልኝ ሰው ጳውሎስ ይባላል» አልኳቸው። ደነገጡ። ይቅርታ ጠየቁኝና ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፤ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርክ ጠየቁኝ። ስለ ሐዲዱም፣ አብረኸኝ ስለቆምክበት የዕርገት ቀንም ነገርኳቸው። ለመስቀል በዓል ስምህን ሦስት ጊዜ አጥርተው ጠሩት።

ከዚያ ወዲህ በዓል አላመለጠኝም። በአንዱ ቁምስና ጽሕፈት ቤት ያገኘሁት ሰውዬ «የእኛ ምእመን ካልነበሩ አንቀበልም» አለኝ። ወጥቼ ቄሱ እስኪመጡ በሩ ላይ ቆምኩ። ጉልበቴ ቢያብጥም ንቅንቅ አላልኩም። ቄሱ መጥተው ሲሰሙኝ «ለሞተ ሰው ጸሎት አጥር የለውም፤ ይግቡ» አሉኝ። ለሆሳዕና ናዝሬት ስደርስ ደግሞ እኒያ አዛውንት ቄስ አርፈዋል አሉኝ። በዚያ ቀን የሁለታችሁንም ስም አስነሣሁ።

የቀረኝ ድሬዳዋ ነበር፤ የተጠመቅክበት። አብረን እንሄዳለን እያልከኝ ሳይሆንልን ቀረ። ለፍልሰታ ልሄድ ስነሣ ማርታ «እማዬ፣ በዚህ ጉልበትሽ? ጸሎቱ ከቤትም ሆነሽ ይደርሳል» አለችኝ። ጸሎቱስ ይደርሳል፤ እኔ ግን ራሴ መድረስ ፈለግሁ።

አቃቂ ጣቢያ ስወጣ ሚካኤል ጋቢውን ደርቦ ትንሽ ሻንጣ ይዞ ቆሟል። ማርታ ነግራው ኖሯል። «ብቻሽን አትሄጂም» አለኝና ዕቃዬን ተቀበለኝ። አዋሽ ደረስን። ሙቀቱ ሲጀምር መስኮቱን ከፈተና ስለ ልጅነታችሁ ያወራኝ ጀመር። በበዓል ጠዋት ጎርፍ ሲመጣ አዲሱ ልብሱ እንዳይበላሽ በትከሻህ ተሸክመህ ታሻግረው እንደነበር ነገረኝ። አንተ ይህን አንድም ቀን አልነገርከኝም። ካንተ ገና የማላውቀው ነገር በመኖሩ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ድሬዳዋ ቅዳሴው ላይ ቄሱ የሙታንን ስም ሲጠሩ «ጳውሎስ» አሉ። ሚካኤል ጋቢውን ፊቱ ላይ ስቦ አለቀሰ። ቅዳሴው ሲያበቃ እኔ ሳልነግረው ራሱ ወደ ቄሱ ሄደ። «ታላቄ ነው አባ፤ እዚህ ነው ክርስትና የተነሣው» ሲላቸው ሰማሁት። ቄሱም የተጠመቅክበትን ቦታ አሳዩን። እጄን በመጠመቂያው ውሃ ነክሬ ግንባሬን አስነካሁ። በመልሱ ባቡር ላይ ሚካኤል «እትዬ፣ ያን ቀን የተናገርኩትን እርሺልኝ» አለኝ። ከረሳሁት ቆይቻለሁ።

ጳውሎስዬ፤ አብረን የሄድንባቸው ቁምስናዎች አልቀዋል። ማርታ «ከእንግዲህ ታርፊያለሽ» ስትለኝ ሳቅሁባት። ለመጪው ልደት አብረን ሄደን ወደማናውቀው የእምድብር ቁምስና ልሄድ ነው። ሐዲዱ ወደዚያ አይሄድም፤ በአውቶቡስ ነው። ማርታም ፈቃድ ጠይቃ ልትከተለኝ ቃል ገብታለች። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ አለ፤ በእግሬ እስከቻልኩ በእግሬ፣ ሲያቅተኝ ልጃችንን ተደግፌ እሄዳለሁ። ያለ አንተ ስም የማልፈው በዓል አይኖርም።

እምድብር አንተን የሚያውቅ የለም። ደርሼ እነግራቸዋለሁ።

ባለቤትህ እልፍነሽ
አቃቂ