ከመጋረጃው ወዲያ የሰማሁት

ሰኔ 9
ዝናብ። ቀኝ ጉልበቴን እያሸሁ አልጋው ጫፍ ላይ ቆየሁ። ጎረቤታችን ሚፍታ ሙዝ የሚያስጭንበት አይሱዙ በራችንን ዘግቶታል።
«ጋሽ አጵሎስ፣ እግርዎ እኮ ቅንፍ ሆኗል! የሒሳብ መምህር መሆንዎ ከሩቅ ያስታውቃል» አለኝ ሚፍታ።
ሳቅሁ። እውነቱን ነው... ሁለቱም ወደ ውጭ ጎብጠዋል። ተራራ ላይ ያለውን የትውልድ ቀዬዬን ኦቾሎን ካየሁ አራት ዓመት። ወንድሜ ጌታነህ በየመስቀሉ «ውጣ እንጂ» ይላል። በየትኛው እግሬ?

ሰኔ 14
ቀዶ ሐኪሟ ዶክተር ዕድላዊት ጉልበቴን ስትሠራ የምትለካበትን መሣሪያ አሳየችኝ። መዳፍ ላይ የሚቀመጥ። አጥንቴ ላይ በብሎን ይታሰራል። ጭኔን ሲያዞሩት የዳሌዬን መሐል ያገኛል፤ ከዚያ አጥንቱ እንዴት ቢቆረጥ እግሩ ቀጥ እንደሚል በዲግሪ ይናገራል።
«መጀመሪያ ቀኙን፣ ሲያገግሙ ግራውን።»
ዕድሜዬን ሙሉ ማዕዘን አስተማርኩ። ማዕዘን መሆን ግን... ፈራሁ።

ሰኔ 21
ቀኙ ተሠራ። ሌላ መጻፍ አልቻልኩም።

ሰኔ 23
ሳይጠፋኝ ልጻፈው።
ከወገቤ በታች ደንዝዣለሁ፣ ግን ነቅቻለሁ። ወይስ እያንቀላፋሁ? ደረቴ ላይ አረንጓዴ መጋረጃ። ከወዲያ የዕድላዊት ድምፅ፦ «መሣሪያው ሦስት ዲግሪ ዘሟል ይላል።»
ረዳቷ ካሌብ፦ «ለዓይን እኮ ልክ ነው፣ ዶክተር።»
ዕድላዊት፦ «ታዲያ ማንን ልመን?»
ከዚያ አንድ ሰው ተናገረ። ምን አለ? ማን ነበር? ቀጥሎ የመዶሻው ድምፅ ብቻ...
ማንን አመነች?

ሐምሌ 2
በክራንች እስከ በሩ። ባለቤቴ ጣይቱ ከኋላዬ።
«ቀጥ ብሏል» አለች።
«በምን አወቅሽ?»
«በዓይኔ ነዋ!»
ዓይንማ እዚያም ነበር።

ሐምሌ 19
ክር ጫፍ ላይ ጠጠር አስሬ ከዳሌዬ ወደ ታች ለቀቅሁት። መስታወት ፊት። ክሩ ተወዛወዘ፣ እኔም ተወዛወዝኩ። ጣይቱ ያዘችኝ። በሁለት መልኩ... ከመውደቅም፣ በሥራዬም።
«አንተ ሰውዬ፣ ግድግዳ ነህ እንዴ?»
አንዱ እግሬ ተለክቷል። ሌላው የእኔ ነው።

ነሐሴ 6
ቀጠሮ። «ለግራው ቀን እንያዝ?» አለች ዕድላዊት። «ላስብበት» አልኳት። ያንን ጥያቄ አልጠየቅሁም። ተሳስቻለሁ ብትለኝስ? ልክ ነው ብትለኝስ... አምናታለሁ?

ነሐሴ 27
ጠየቅኋት።
«ያን ቀን ማንን አመንሽ?»
አፍጥጣ አየችኝ። «አያስታውሱም እንዴ? የመለሱልኝ እኮ እርስዎ ነዎት!»
«ምን ብዬ?»
«‹እንደገና ለኪ!› አሉኛ። ቆጣ ብለው፣ ልክ እንደ ክፍል ውስጥ። ካሌብ ደንግጦ የያዘውን ሊጥል ነበር።» ሳቀች። «ባይሉኝም እለካ ነበር፣ ጋሼ።»
የመሣሪያው ብሎን ላልቶ ኖሯል። አጥብቃ እንደገና ስትለካ መሣሪያውና ዓይኗ ተስማሙ።
ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስም አለኝ። ግን ያ ድምፅ የእኔ ከነበረ ለምን አላወቅሁትም? እግሬ ተከፍቶ፣ እኔ እያንቀላፋሁ... የተቆጣው ማነው?
የግራውን ቀን አሁንም አልያዝኩም።

መስከረም 17
ኦቾሎ።
መኪናው ካወረደን በኋላ የቀረውን በከዘራ። ጣይቱ ከኋላዬ። ግራው በየድንጋዩ ይጮኻል። ቀኙ ዝም። መቼ ይናገር ይሆን እያልኩ ወጣሁ... አልተናገረም።
ጌታነህ ከላይ ቆሟል። ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል። ድሮ ግን ገና ከታች ሳለሁ በአረማመዴ ለይቶኝ በስሜ ይጣራ ነበር። ዛሬ አልተጣራም። ደረስን። ጣይቱን በድምጿ አወቃት፣ ሳማት። ወደ እኔ ዞረ።
«እንግዳው ማነው?»
ትንፋሽ አጥሮኝ መመለስ አቃተኝ። ከዘራዬን ብቻ መሬት ላይ መታሁ። ጎንበስ አለና በእጁ ግራ ጉልበቴን ዳሰሰ። ፊቱ በራ። ቀኙን ዳሰሰ። እጁ ቆመ።
«ይኼኛው አጵሎስ ነው» አለ ግራውን ይዞ። «ያኛው ማነው?»
ጣይቱ በሳቅ ሞተች። እኔ አልሳቅሁም።
«ግራውንም ላሠራው ነው» አልኩት። መወሰኔን ያወቅሁት ያኔ፣ ስናገር ነው።
«ታዲያ እኔ በምን ላውቅህ ነው?»
«እንደገና ለካኝ!»
ቆጣ ብዬ። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።
ድምፁን አወቅሁት።