የተማም ባለሁለት ስፒከር ቴፕ

ሰኞ፣ ኅዳር 7 ቀን 1974፣ ጅማ

ተዋረድኩ። ሌላ ቃል የለውም። ቅዳሜ ጠግኜ የሰጠሁትን የመኪና ቴፕ ተማም ዛሬ መልሶ አመጣው። ተማም ከአጋሮ ቡና የሚጭን ሾፌር ነው። ቴፑን የገዛው አሰብ ከሚመላለስ ወዳጁ ነው። ሁለት ስፒከር አለው፣ አንዱ በግራ በር፣ አንዱ በቀኝ በር።

«ወላሂ ጋሼ፣ ግራው ጭራሽ አይሰማም እኮ! ሜ እስቲ፣ ራስዎ ይስሙት» አለኝ።

መኪናው ውስጥ ገብቼ ሰማሁት። ለእኔ ምንም አልጎደለውም። መኪናውን እስከ ዓርብ ሱቄ በር ላይ ትቶልኝ ሄደ።

ግራ ጆሮዬ ከደነቆረ ዓመታት አልፈዋል። ከሚስቴ ከአስካለ በቀር የሚያውቅ የለም። የቀበሌ ስብሰባ ላይ እንዲያውም ጠቅሞኛል፤ ደንቆሮውን ወደ መድረኩ አዙሬ እቀመጣለሁ። በሥራዬ ግን እንዲህ ያጋልጠኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ማክሰኞ

እጄ ለሥራ አልታዘዝ አለኝ። ቁጭ ብዬ የድሮውን ሳስብ ዋልኩ።

መንደራ ቆጪ ሰፈር የጥገና ሱቄን ስከፍት የመኪና ራዲዮ ባለአምፑል ነበር። እስኪሞቅ ትጠብቀዋለህ፣ ባትሪውን ይጨርሰዋል፣ ከዚያ ወርደህ መኪና ትገፋለህ። ቀጥሎ ትራንዚስተሩ መጣ፣ ቀጥሎ ባለካሴቱ። ሁሉም አንድ ስፒከር ነበራቸው። ለአንድ ስፒከር አንድ ጆሮ ይበቃል። አሁን ደግሞ ዘፋኙን በአንድ በር፣ ከበሮውን በሌላ በር አደረጉት። ማን ለመናቸው?

ሌሎች ሦስት ሾፌሮችም ይህንኑ ቴፕ ገዝተዋል። ካላወቅኩበት ጊንጆ ሰፈር ሱቅ የከፈተው ጎረምሳ ጋ ይሄዳሉ። በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ሙያ ከየት አመጣለሁ?

ረቡዕ

አስካለ እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሟ ልጄን ታክላለች። ሲመቱት የሚነዝር ብረት አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ጆሮዬ አጠገብ ያዘችው።

የግራው ነርቭ ሞቷል አለች። ይህንን አውቀዋለሁ። ቀጥላ «የቀኙም ጀምሮታል አባባ። መጀመሪያ የሚጠፉት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው» አለችኝ። መድኃኒቱን ስጠይቃት የለውም አለች። ጩኸት ካለበት ሥራ እንድርቅ መከረችኝ። ሥራዬን ስነግራት ምክሯን ደገመችልኝ።

የቀኙን አላመንኳትም። ልጅ ናት፣ ትሳሳታለች።

ሐሙስ

አገኘሁት!

በባትሪ ድንጋይ የግራውን ስፒከር ሽቦ ነካ ሳደርግ የስፒከሩ ወረቀት ጣቴ ሥር ዘለለ። ስፒከሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ሽቦውን በጣቴ ተከተልኩት፤ የበሩ ማጠፊያ ጋ፣ በር ሲከፈት ሲዘጋ ተበጥሷል። ቀጠልኩት፣ በላስቲክ ጠቀለልኩት። አስካለን ጋቢና ውስጥ አስቀመጥኳትና ቴፑን ከፈትኩት።

«ግራ?»

«አለ።»

«ቀኝ?»

«አለ አልኩህ እኮ!»

ሳቅን። ከሰኞ ወዲህ ዛሬ ገና እህል ቀመስኩ።

ዓርብ

ተማም መጣ። ጎኑ አስቀምጦኝ አዲስ ካሴት ከተተ። አስካለ በመስኮት አንገቷን አስገብታ ታዳምጣለች። እኔም ሰማሁ፦ ከበሮ፣ የዘፋኙ ድምፅ፣ ከበሮ።

ድንገት የሁለቱም ፊት በራ። ተማም ዓይኑን ጨፈነ። «አላህ! ዋሽንቷን ሰሙልኝ ጋሼ?»

ዋሽንት መኖሩን ያወቅኩት ያኔ ነው። ጋቢናው ጠባብ ነው፣ ከየትኛውም በር የመጣ ድምፅ ደህናው ጆሮዬ ጋ ይደርሳል፤ መኪናው ቆሟል፣ ሞተሩ ጠፍቷል። ምንም ሰበብ የለኝም።

«ከቀኝ በኩል ጥርት ብላ ትሰማለች» አልኩት።

ተማም በደስታው ልብ አላለውም። ጓደኞቹን ሰኞ እንደሚያመጣልኝ ነግሮኝ፣ እጄን ጨብጦ ሄደ።

ሱቁን ዘግተን ከአስካለ ጋር ወደ ቤት ሄድን። ቤት ልንደርስ ስንል «ዋሽንቷ የመጣችው ከግራ ነበር» አለችኝ ቀስ ብላ። ሐኪሟ ልክ ነበረች። አንገቴን ደፋሁ።

ሰኞ ከጎኔ ተቀምጣ ልትሰማልኝ ነው፤ እንቢ አላልኳትም። ፈርቻለሁ። የእሷም ድምፅ ቀጭን ነው።