ቃጭ የሚለውና ዝም የሚለው

ኅዳር 8፣ ሰኞ፣ ጠዋት 2፡30

ሁለቱንም የካሜራ ባትሪ ቻርጅ ላይ ሰክቻለሁ። የአሮጌው ሞልቷል። የአዲሱ ገና ቀይ ያበራል። ሆዳም ነው።

ደብተሬ፣ እንዴት አደርክ። የማታ ክፍላችን ቲቸር ሰላማዊት በየቀኑ ጻፉ ስላለች እጽፍብሃለሁ። አርባ ሦስት ዓመት በአፌ ስጽፍ ኖሬ አሁን በእጄ ሆነ።

የዛሬው ጉዳይ ካሜራ ነው። አሮጌውን መርካቶ ነው የገዛሁት፣ ያገለገለ። ሌንሱ ይወልቃል፤ ክብደቱ አንገት ያጎብጣል። ዘጠኝ ዓመት አብልቶኛል። አዲሱን እህቴ ከዱባይ አመጣችልኝ። የእሱ ሌንስ አይወልቅም፤ ግን ቁልፉን ስትነካው እንደ ዝሆን ኩምቢ ይወጣል። ጎኑ ላይ 65 ተጽፎ አጠገቡ የብዜት ምልክት አለ። ስድሳ አምስት ጊዜ ያቀርባል ማለት ነው። ያነበብኩት እኔ ራሴ ነኝ። ማንም አላነበበልኝም።

ቡታጅራ ውስጥ ከእኔ የሚበልጥ ፎቶ አንሺ የለም። ወልቂጤም ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ እዚያም የለም። አሁን ከዚህ ካሜራ ጋር ምን እንደምሆን አስበው።

ታፔላዬም አዲስ ነው። አሮጌው ታፔላ ለምን እንደወረደ የእኔ ጉዳይ ነው። ሌላ ቀን።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ፣ ከክፍል መልስ

ጠዋት ሙከራ። ፎ/ቤቱ በር ላይ ቆሜ የዘቢዳርን ተራራ በአዲሱ ጎተትኩት። ተራራው ላይ ጎጆ። ጎጆው ደጅ የተሰጣ ቀይ ልብስ! በአሮጌው ያው ተራራ ሰማያዊ ጉብታ ነው፣ አለቀ። ባለቤቴን ወርቄን ጠርቼ አሳየኋት። የሰው ልብስ ምን አገባህ አለች። ሴት ቴክኖሎጂ አይገባትም ብዬ ጽፌ ሰርዣለሁ። ወርቄ ከእኔ በፊት ነው ማንበብ የቻለችው።

"ፎ/ቤት" ያልኩትን አየህ? እዝባር ይባላል፤ ዛሬ ተማርን። ት/ቤት፣ መ/ር፣ ወ/ሮ። አንድ መስመር አጋድመህ ግማሽ ቃል ታተርፋለህ። ጋሽ ሸምሱ አልወደደውም። እኔ ሙሉውን ሳልጨርስ ግማሹን ታስተምሪኛለሽ ወይ አላት ቲቸርን። ክፍሉ በሳቅ ሞተ።

ጋሽ ሸምሱ የዴስክ ጓደኛዬ ነው። በርበሬ ነጋዴ፤ በርበሬ ከሚበቅልበት ከቆሼ ያስመጣል። ደረት ኪሱ ላይ ሁልጊዜ ሁለት እስክሪብቶ ስላለ ገበያው ሁሉ የተማረ ይመስለዋል። ቤቱ ዒሻ ልሰግድ ነው ብሎ ይወጣል። እኔ ለሰው የኮምፒውተር ሥልጠና ነው ብያለሁ። የመጀመሪያው ቀን ክፍሉ በር ላይ ተገጣጠምን። ሁለታችንም ክው አልን። እኔ አንተን አላየሁም፣ አንተም እኔን አላየህም ተባባልን፣ ተጨባበጥን። ሁለት ዓመት ሆነ።

የእሱ ጉዳይ አንድ ነው። ልጁ ነዒማ በመጪው ሳይሆን በሚቀጥለው እሁድ ኒካህ ታስራለች። በታላቋ ልጁ ኒካህ ጊዜ ወረቀቱ ላይ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ነው ያተመው። አማቹ የእጅ መጥረጊያ ጨርቅ አቀበለው። የጨርቁን ነገር እሱ እስከ ዛሬ አልረሳም። ለነዒማ በስሙ ሊፈርም ነው። ስሜ ሦስት ፊደል ናት፣ ሦስት ፊደል አታሸንፈኝም ይላል። ሸ እና ሽ ግን ይምታቱበታል።

ፎቶውን የማነሳው እኔ ነኝ። ሌላ ማን አለ?

ኅዳር 11፣ ሐሙስ፣ 6 ሰዓት

መብራት ሄደ። አንዲት እናት ለልጇ የምትልከው ፎቶ ፈልጋ መጣች። በመስኮቱ ብርሃን ብቻ፣ በሁለቱም አነሳኋት።

ይህን ለአንተ ብቻ ነው የምነግርህ። አሮጌው በለጠ። በአሮጌው ፊቷ ፊት ነው፤ ሽብሽቧ ሁሉ አለ፤ ከጀርባዋ ያለው ግድግዳ እንደ ቅቤ ቀልጧል። በአዲሱ ጉንጯ ላይ ጤፍ የተበተነ ይመስላል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ካሜራ ጠጋኝ ነግሮኝ ነበር፦ ብርሃኑን የሚቀበለው ነገር አሮጌው ውስጥ የቴምብር ያህል ነው፣ አዲሱ ውስጥ የትንሿ ጣት ጥፍር ያህል። ጨለም ሲል ጥፍሯ አትችልም።

መብራት ሲመጣ የምሰጣት የአሮጌውን ነው። ውጭ ግን አዲሱ ነው የሚያነሳው እያልኩ ነው። እህቴ ዱባይ ድረስ ደክማበታለች፤ እኔም አውርቼበታለሁ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ 10 ሰዓት

ገበያ። ሰው በሰው ላይ። ፎቁ ላይ ያለው ሻይ ቤት፣ በረንዳው ላይ ቦታ ያዝኩ። አዲሱ አንገቴ ላይ። አሮጌው ቤት ቀረ። ጀማል ባጃጁን አቁሞ መጣ፤ ሌሎችም ከበቡን። ጀማል እሳት ነው፦ "አቦ ወልዴ፣ ወሬ ቀንስና ማዶ ያለውን ጎትት!"

ጎተትኩ። ከአስፋልቱ ማዶ የጋሽ ሸምሱ መደብር። በጆንያዎቹ መሐል ቁጭ ብሎ ጉልበቱ ላይ ደብተር ዘርግቷል። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ይጽፋል። ጨመርኩ። ደብተሩ ስክሪኑን ሞላው። ፊደሉ ሳይቀር! አነሳሁ። ትንፍሽ አይልም። አሮጌው ቢሆን ቃጭ ብሎ መንገደኛውን ያዞር ነበር።

ከዚያ አነበብኩ። በሰው ፊት ጮክ ብዬ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው፣ ደብተሬ። "ሽምሱ። ሸምሱ። ሽምሱ። ሸምሲ።" ገጹ ሙሉ። በረንዳው በሳቅ ተናወጠ። ከአስፋልት ማዶ የሚያነብ ካሜራ! ጀማል ሻይ ጋበዘኝ። ስክሪኑን በስልኩ አነሳው።

እኔ ያሳየሁት ካሜራውን ነው። እነሱ ሌላ ነገር እንዳዩ ገና አሁን፣ ይህን ስጽፍ ገባኝ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ፣ 9 ሰዓት

ፎቶው በየስልኩ ገብቷል። ጠዋት አንዱ መደብሩ በር ላይ ቆሞ "ጋሽ ሸምሱ፣ በርበሬው በ'ሸ' ነው በ'ሽ'?" ብሎ ጠየቀው አሉ። ሌላው "ሀ ሁ በርበሬ" አለው። ስም ወጣለት በቃ።

ሲነግሩኝ ሳቅሁ። ሳልፈቅድለት ነው ያመለጠኝ። አፌ ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

6 ሰዓት ላይ መደብሩን ዘጋ። ቅዳሜ! በበርበሬ ወቅት!

ኅዳር 15፣ ሰኞ፣ ከክፍል መልስ

አልመጣም። ዴስኩ ላይ በእሱ በኩል የላጲስ ፍርፋሪ አለ። ቲቸር የት ሄዶ ነው አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ለፈተና ሦስት ቀን ቀረው፣ ንገረው አለችኝ። እሺ አልኩ። ለሁለቱም ዋሸሁ፤ ለእሷም ለፍርፋሪውም።

ዛሬ ቀልድ የለም።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ፣ 4 ሰዓት

ነዒማ ፎ/ቤት መጣች። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነው የምታወራው። እሁዱ እንዳለ ነው አለች። ግን አባቷ አንድ ነገር አደራ ብሏል፦ ወረቀቱ ሲፈረም ፎቶ እንዳይነሳ። ለምን አልኩ፣ እያወቅኩ። በጣት ነው የሚያትመው አለች። በስሙ ቢፈርም ሁሉም ሊያነብበት ነው፤ ሸ ጻፈ ሽ ጻፈ እያሉ አንገታቸውን ሊያሰግጉበት ነው። ጣት ስህተት የለውም ብሏል።

"ጋሼ ወልዴ፣ ማታ ማታ ሲጽፍ እኮ እኛ እናውቅ ነበር፤ የማናውቅ የምንመስለው ደስ እንዲለው ነው" አለችኝ። ስትወጣ ቀና ብላ አላየችኝም።

ቤተሰቡ ሁሉ ደብቆለት ነበር። እኔ አወጣሁት።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ፣ 11 ሰዓት

ሄድኩ። አሰላሙ አለይኩም አልኩት። መለሰልኝ፤ ሰላምታ አይነፈግም። በርበሬ እየመዘነ ነበር።

ይቅርታ ልል ነበር የሄድኩት። ከአፌ የወጣው ምን መሰለህ? "ጋሽ ሸምሱ፣ ስምህ እኮ በፎቶ አምሮበታል!" ወላሂ እንዲህ ነው ያልኩት፣ በእሱ ቤት በእሱ መሐላ ልማል። መመዘኑን ቀጠለ። ካሜራው ነው አልኩ፤ ሳላስበው አቅርቦብኝ ነው፤ ስድሳ አምስት ጊዜ ነው የሚያቀርበው።

ሚዛኑን አስቀመጠ። "ሁለት ዓመት ክርኔ ክርንህን እየነካው ተቀመጥን። ላጲሴን እየሰበርኩ አካፈልኩህ። ከዚያ ቅርበት ያላየኸኝ ሰውዬ፣ ከአስፋልት ማዶ አየኸኝ?"

አፉ በለኝ አልኩት። ሚዛኑን መልሶ አነሳ። "ሂድ ወልዴ፣ በርበሬው ያስነጥስሃል" አለኝ።

ዓይኔ እያነባ ወጣሁ። በርበሬው ነው ብዬ ጽፌ ላልፍ ነበር።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ፈተና አለፍኩ። ደስታ የለም። የዴስኩ ግማሽ ባዶ ነው።

ሁለቱን ካሜራ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው ዋልኩ። በአሮጌው ሰው ለማንሳት ሁለት እርምጃ ላይ መቆም አለብህ። ቀና በል ትለዋለህ፣ ኮሌታውን ታቃናለታለህ። ቃጭ ሲል ያውቃል። አዲሱ ማንንም አይጠይቅም። እንዲህ ብዬ ጥፋቱን ለአዲሱ ልሰጠው ፈለግሁ። ግን ካሜራ ማንበብ አይችልም። ያነበብኩት እኔ ነኝ።

አሁን ስለ አሮጌው ታፔላ። ሥራ ስጀምር ሠዓሊው "ፎቶ ቤት" ብለህ ጻፍ ተባለ፤ "ፈቶ ቤት" ብሎ ጻፈ። ፎ ላይ ያለችውን ቀንጠብ ረሳት። ሰባት ዓመት የሙሽራ ፎቶ የማነሳው ሰውዬ "ፈቶ" የሚል ታፔላ ሥር ቆሜ ደንበኛ ጠራሁ! አንዳንዱ አይቶ ይስቅ ነበር፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ በእኔ ቀልድ የሚስቅ ይመስለኝ ነበር። አንዴ አንዱ ሲጠይቀኝ ለማስታወቂያ ብዬ ነው አልኩ። ክፍል ገብቼ "ፈ ፉ ፊ" ስንል፣ "ፎ" ላይ ስንደርስ ላቤ መጣ። በነጋታው ታፔላውን አወረድኩ። ዝናብ አበላሸው አልኩ። ጓዳ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀመጥኩት።

የእኔን ፊቱን አዙሬ የእሱን ስድሳ አምስት ጊዜ አቀረብኩ።

ኅዳር 19፣ ዓርብ፣ 11 ሰዓት

ገበያ። ታፔላውን ተሸክሜ ፎቁ ላይ ወጣሁ። ወርቄ ደረጃው ላይ ከታች ይዛልኛለች፤ ካደረግኸውማ ቀና ብለህ አድርገው አለችኝ።

በረንዳው ላይ አስደግፌ፣ አንብቡ አልኳቸው። ጀማል አነበበ፦ "ፈቶ ቤት"። ሰባት ዓመት ተሰቅሎ እንደኖረ፣ እኔም ማንበብ የማልችል እንደነበርኩ፣ የኮምፒውተር ሥልጠና ያልኩት የማታ ፊደል እንደሆነ፣ ከጋሽ ሸምሱ ጋር አንድ ዴስክ እንደነበርኩ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። በዲክቴ እሱ እንደሚበልጠኝም ጨመርኩ። ያን ማለት ነው ከሁሉ የከበደኝ።

ከዚያ ሳቅ፤ ባለፈው ዓርብ ከሳቁት የባሰ። ጀማል እንባውን እየጠረገ "አቦ ፈቶ! ስንቱን አጋብተህ ስንቱን ፈታህ?" አለኝ። ስም ወጣልኝ። ፎቶውን ከስልካችሁ አጥፉልኝ አልኩ። ጀማል መጀመሪያ አጠፋ፤ ሌሎቹ ሁሉ ያጥፉ አያጥፉ አላውቅም።

ታፔላውን ወስጄ ከአዲሱ ሥር ሰቀልኩት። ፊቱ ወደ አስፋልቱ።

ማዶ ያለው ሰውዬ ቀና ያለ አልመሰለኝም።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ፣ 5 ሰዓት

ጠዋት አንድ ሰው ደጄ ላይ ቆሟል። ጋሽ ሸምሱ። ወደ ታፔላው ቀና ብሏል። ጣቱን አንስቶ በአየር ላይ ፊደሉን ይከተላል፤ ሰው ያልፋል፣ ባጃጅ ያልፋል፣ አያፍርም። "ፈ... ቶ... ቤ... ት።" ጮክ ብሎ ነው።

ከዚያ እኔን ሳያይ "ፎ ነበር መሆን ያለበት። ቀንጠቧ ጎድላለች" አለ።

አዎ ጋሽ ሸምሱ አልኩ።

ሄደ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለም። እኔም ቀልድ አልጨመርኩም። ምላሴን ነክሼ ያዝኳት፤ እሷም ገርሟታል።

ኅዳር 21፣ እሁድ፣ 4 ሰዓት፣ ጋሽ ሸምሱ ግቢ

አሮጌውን ብቻ ነው የያዝኩት። አጭሯ ሌንስ ተገጥማለች። አዲሱ ቤት ቀርቷል፤ ዘቢዳርን ያንሳ። ሙሽሪትን በመስኮት ብርሃን አነሳኋት፤ ይህ ጥሩ ሆኗል፣ መኩራት አልተወኝም።

አሁን ወንዶቹ ሳሎን ገብተዋል። ወረቀቱ ሊፈረም ነው። እንዳይነሳ ስለተባለ ግቢ ወጥቼ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ሌንሷን ከድኛለሁ። አንተ ጉልበቴ ላይ ነህ። ውሳኔዬ ይኸው፦ ካልተጠራሁ አላነሳም፤ በበሩ ቀዳዳም አላይም።

ቅድም ሲያስገቡ አይቻለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ የቀለም ሰፍነግ አለ። ጨርቅም አለ። እስክሪብቶ መኖሩን አላየሁም። ግን ጋሽ ሸምሱ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት አለው፣ ሁልጊዜም አለው።

ጀማል ከውስጥ እየሮጠ ወጣ። ጋሽ ሸምሱ ወልዴን ጥሩት ብሏል አለኝ። አዲሱን አላመጣሁም አልኩት። እሱን አይደለም አለ፦ "ያን ቃጭ የሚለውን ይዞ ይምጣ፣ ቀረብ ብሎ ይቁም" ነው ያለው።

ጣት ይሁን ስም አልነገረኝም፣ አልጠየቅኩም። የሌንሷን ክዳን እያወለቅኩ ነው። ቆይ ደብተሬ፣ ገባሁ።