አቶ ሰውአገኝ ዳኛው እና ያልፈተሹት መሪ

አቶ ሰውአገኝ ዳኛው ከአባታቸው ከመሪጌታ ዳኛው ወልደኢየሱስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እናኑ ተገኝ ጥር 7 ቀን 1949 ዓ.ም. በድብ ባሕር ተወለዱ። አባታቸው የድጓ መምህር ስለ ነበሩ ልጃቸው በእርሳቸው መንገድ እንዲሄድላቸው ይመኙ ነበር። አቶ ሰውአገኝም ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ጆሯቸው ግን ከዜማው ይልቅ ዳገቱን የሚወጡትን የጭነት መኪኖች ድምፅ ይከተል ነበር። መሪጌታ መጀመሪያ አዘኑ፤ ኋላ ግን መርቀው በ1960 ዓ.ም. ጎንደር ከተማ ከሚኖሩት አጎታቸው ዘንድ ላኳቸው።

በጎንደር እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1967 ዓ.ም. በአንድ ጋራዥ ሥራ ጀመሩ። በ1976 ዓ.ም. ከወይዘሮ የትነበርሽ አለነ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው መቅደላዊትን፣ መዝሙርንና ምስጢርን ወለዱ። በ1984 ዓ.ም. ደግሞ ከማራኪ ሰፈር በታች የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ።

የታወቁት በመሪ ሥራ ነበር። አሮጌ መኪና መሪው ላልቶ ወይም እየተንቀጠቀጠ ሲመጣላቸው አስቀድመው ሾፌሩን በደንብ ይጠይቃሉ፤ በስንት ፍጥነት ይጀምረዋል፣ ጉድጓድ ከመታ በኋላ ነው ወይስ በለጥ ባለ መንገድም፣ ፍሬን ሲያዝ ይብሳል ወይ እያሉ። ከዚያ የጎማውን ንፋስ ያያሉ። መኪናውን በክሪክ አንሥተው ጎማውን ከላይና ከታች፣ ቀጥሎም ከግራና ከቀኝ ይዘው ይነቀንቁታል። በመጨረሻ አንድ ሰው መሪውን ወዲያና ወዲህ እንዲያዞር አድርገው ከሥር ይገቡና ቴስቲና የሚባሉትን የመሪ ዘንግ መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ በመዳፋቸው ይዳስሳሉ። የላላው ራሱን በእጃቸው ላይ ይናገራል ይሉ ነበር።

ቀጥሎ ያለው ለቤተሰቡ የሚከብድ ነው። የተጻፈው በራሳቸው ትእዛዝ ስለ ሆነ ግን አንዘለውም።

ነሐሴ 1998 ዓ.ም. አቶ ታከለ ሙሉዬ የተባሉ የአንድ ድርጅት ሾፌር አሮጌ ላንድክሩዘር ይዘው መጡ። ከስልሳ በላይ ሲነዱ አንድ ጉድጓድ ከመታ የፊቱ ክፍል በሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ መሪውም ሦስት ጣት ያህል በባዶ ካልዞረ ጎማው አይታዘዝም አሉ። ዕለቱ ይህን የምትጽፈው የበኩር ልጃቸው የመቅደላዊት ሽማግሌዎች የሚመጡበት ነበር። አቶ ሰውአገኝ ቸኩለው ነበርና ከሥር አልገቡም። መንቀጥቀጡን የሚያበርደውን የመሪውን ሾክ አብዞርበር ብቻ ለውጠው እስከ አዘዞ ነድተው ሞከሩት። መንቀጥቀጡ ቆመ።

አቶ ታከለ ቁልፉን ሲቀበሉ፣ "አያ ሰውአገኝ፣ ባዶው ዙር ግን አልጠፋም" አሉ።

እርሳቸውም፣ "አሮጌ መኪና ነው፤ ልመደው" ብለው መለሱ።

በአራተኛው ቀን መኪናው አራት ሰዎች ይዞ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ አዲ አርቃይ ሲወርድ መሪው በድንገት ባዶ ሆነ። አቶ ታከለ በፍሬኑ ታግለው መኪናውን ከገደሉ አፍ መልሰው ከተራራው ዓለት ጋር አላተሙት። ተሳፋሪዎቹ ተረፉ። የእርሳቸው ግራ እግር ግን ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

አቶ ሰውአገኝ ይህን እንደ ሰሙ ወደ ደባርቅ ሄደው መኪናውን አዩ። አንደኛው ቴስቲና ከቤቱ ወጥቷል፤ ውስጡ ደርቆና ተበልቶ ነበር። በአንድ ቀን የሚበላ ነገር አይደለምና እጃቸውን ቢሰዱ ኖሮ ያገኙት ነበር። የትራፊክ ፖሊስ መርማሪው ሲጠይቃቸው ግን፣ "ከግጭቱ የተነሣ ወጥቶ ሊሆን ይችላል" አሉ። በዚህ ቃል ምክንያት ጥፋቱ የፍጥነት ነው ተብሎ ተጻፈ። አቶ ታከለ ከሥራ ተሰናብተው፣ ሰው የሚጨርስ ሾፌር የሚል ስም ተሸክመው አዲ አርቃይ ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ አቶ ሰውአገኝ ከሥር ገብተው ሳይዳስሱ አንድም መኪና ከጋራዣቸው አላወጡም። ሰው ጥንቃቄያቸውን ያመሰግን ነበር፤ እርሳቸው ግን ምስጋናው ሲነሣ ወሬ ይለውጣሉ። ወይዘሮ የትነበርሽ፣ "ታከለን ምነው አትጠይቀውም?" እያሉ ደጋግመው ቢወተውቷቸው በሥራ እያመካኙ ዓመታት አሳለፉ። እኛ ልጆቻቸውም ዝምታቸውን እንደ ድካም ቆጥረን አልጠየቅናቸውም። ይህ ዛሬም ይቆጨናል።

በ2010 ዓ.ም. ለንስሐ አባታቸው ተናገሩ። እርሳቸውም የተበደለው ሰው በሕይወት ሳለ ንስሐው ከእርሱ ደጅ ይጀምራል ስላሏቸው፣ ከልጃቸው ከመዝሙር ጋር አዲ አርቃይ ወረዱ። አቶ ታከለ ክራንቻቸውን ተደግፈው በር ከፈቱላቸው። አቶ ሰውአገኝ ሳይቀመጡ፣ እንዳልፈተሹና እንደ ዋሹ ቆመው ተናገሩ።

አቶ ታከለ እስከ መጨረሻው ሰሟቸው። ከዚያም፣ "እኔማ አውቅ ነበር፤ መሪው በእኔ እጅ አልነበር?" አሉ። "እግሬን የወሰደው መኪናው ነው፤ እሱንስ ለምጄዋለሁ። አንቱ መጥተው እስኪናገሩልኝ ነበር የምጠብቅ። አሥራ ሁለት ዓመት ረዘመብኝ፣ አያ ሰውአገኝ።"

ይቅርታውን አልነፈጓቸውም። አቶ ሰውአገኝም ወደ ትራፊክ ፖሊስ መሥሪያ ቤቱ ሄደው እውነቱን በጽሑፍ ሰጡ። የተሰጣቸው መልስ ጉዳዩ ከተዘጋ ቆይቷል፣ ሰነዱም አልተገኘም የሚል ነበር። ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ሳይሳካላቸው ቀረ።

በ2016 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጸንቶባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። በመጨረሻው ሳምንት ልጆቻቸውን ጠርተው፣ "ወረቀቱን ማስተካከል አልቻልሁም። ታሪኬ ሲነበብ ሰው ይሰበሰብ የለ? እዚያ ተናገሩልኝ፤ ታከለ አልፈጠነም" አሏቸው። ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው አረፉ።

አቶ ሰውአገኝ ባለቤታቸውን ወይዘሮ የትነበርሽን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። አቶ ታከለ ሙሉዬም ትናንት ከአዲ አርቃይ መጥተው ከቤተሰቡ ጋር ለሐዘን ተቀምጠዋል። ያን ቀን መኪናውን ከገደል የመለሱት እርሳቸው ናቸው፤ ጥፋትም አልነበረባቸውም። ይህን የሰማችሁ ሁሉ ላልሰማው ንገሩልን።

የዘገየውን ንስሐ የማይመልስ አምላክ የአባታችንን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጎን ያሳርፍልን። ለቀረነው እውነትን በጊዜዋ የምንናገርበት ልብ ይስጠን። አሜን።